የጨው ነገር

ታኅሣሥ ነው። ከሐኪም ጋራ የወረደው ነፋስ
በሰንጋ በር ገብቶ፣ እስከ መኪና ግርግር ድረስ
የሰፊውን ሁሉ ጣት ሲነክስ
እኔም መርፌ መያዝ አቃተኝ፤ ክሩ ከቀዳዳው ሸሸ፣
ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሳለ፣ የኔ ቀን መሸ።

የሺመቤት ድሬ ወርዳለች፣ ልጃችንን ልታርስ።
ሳቢያን ሆና «ሙቀቱ ገደለኝ» ትላለች፤ እኔ እዚህ ብርድ ልብስ
ደርቤ ስስል፣ ሳነጥስ።
ጾሙ ገና ነው። ሽሮ ሦስት ሌሊት አብሮኝ አደረ፤
በአራተኛው እኔም እሱም ተሰላቸን፣ ነገር ከረረ።

ጉልት ወረድኩ። ኢፍቱ ከኮምቦልቻ ካመጣችው
ቅጠል ቅጠሉን ወስደውባት፣ ሥር ሥሩ ነው የቀራት፦
ካሮት፣ አንዱ እግር ያወጣ፤
ስኳር ድንች፣ ከነአፈሩ የመጣ፤
ድንች፣ ቀይ ሥር፣ እንደ አሮጌ ጉልበት የተቋጠረ ዝንጅብል።
«መኪናው ሊሄድ ነው፣ ጠቅልለህ ውሰድ፤ ሳልህ ያሳዝናል»
አለችኝና አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት መረቀች።
«ሾርባ ልሠራ ነው» ብላት ግን፣ ከት ብላ ሳቀች።

ስልኬን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ሰፋሁት።
«መጀመሪያ እጠበው» አለች የሺ። አጠብኩት።
«ልጣጩን አታወፍር፣ ድንቹ ያልቅብሃል።»
«ጨርቅ ሳባክን ማን አይቶኛል?»
ካሮቱን በሰያፍ ቀደድኩት፣ እንደ ቀሚስ ዘርፍ፤
ድንቹን በአራት ማዕዘን፣ እንደ ሸሚዝ ኪስ፣ ሳይተርፍ።
ቀይ ሥሩ ግን ምን ዓይነት ጨርቅ ነው? ቀለሙን የሚለቅ!
መክተፊያውን፣ ቢላውን፣ አውራ ጣቴን ነከረው። እንዲህ ያለ ጣቃ
ነጋዴ ቢያመጣልኝ፣ አልቀበልም ነበር በነጻ።

ከሰሉ ተያያዘ። ሽንኩርቱ በማንኪያ ዘይት ተንጫጫ።
«አሁን ዝንጅብሉን ቀጥቅጥ። ካሮትና ቀይ ሥር አስቀድም።
ድንቹን ወደ ኋላ፤ እሱ እንዳንተ ነው፣ አይታገሥም፣
ቶሎ ይፈርሳል» አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ውኃ ጨመርኩ።
ያኔ ከኋላዋ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ።
ሰባት ቀኑ ነው፤ ስም የለውም። ድምፁ ግን ከድሬ ተነሥቶ፣
ደንገጎን አንዴም ሳያርፍ ወጥቶ
ድስቴ አጠገብ ደረሰ።
ማማሰያው በእጄ ቀረ፤ ከሰሉ ላይ ትንሽ ፈሰሰ።
«ቁመቱ ስንት ሴንቲ ነው?» አልኳት፤ ሰፊ ሌላ ምን ይጠይቃል?
«በምን አውቄ! እየው፣ ሾርባው ይገነፍላል!
ደግሞ ጨውን…»
ተቋረጠ። መልሼ ብደውል
ሌላ ሴትዮ «ያለዎት ሂሳብ በቂ አይደለም» ትለኛለች፣ በጨዋ ቃል።

ጨውን… ምን? ጨምር? ተው? አሁን? በኋላ?
ሠላሳ አራት ዓመት ከእጇ ስበላ
አንዴም አልጠየቅኩ።
የስንቱን የጀጎል ወንድ ወገብ በቃሌ ይዣለሁ፤
የገዛ ድስቴን ልክ አላውቅም። ጨው ሳልነካ አወጣሁ።

ነስረዲን ሱቁን ዘግቶ ሲያልፍ «ምን ይሸታል?» ብሎ ገባ።
በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁለት፣ ቀይ፣ ወፍራም፣ የሚያላብ።
ፉት አለ። ወደ ጣሪያው አየ። ደግሞ ፉት አለ።
ጨው የለውም አላለም፤ «ይሞቃል» አለ።
እውነቱን ነው። እስከ እግሬ ጣት ወረደ፣
ጣቴም ተፍታታ፤ ክሩ በአንድ ሙከራ ቀዳዳውን ወደደ።

ማታውን ከቁራጭ ፍላኔል አንዲት እጀ ጠባብ ቀደድኩ፣
ልኩን በግምት፤ ሜትሬን ዘርግቼ ሃምሳ ላይ ያዝኩ።

የሺ በልጇ ስልክ ስትደውል እኩለ ሌሊት ሆኗል፦
«ጨዉን ረሳኸው አይደል?»
«ኧረ ልክ ነበር» አልኳት።

አሁን ደንበኛ ሲለካ፣ ሜትሬ ላይ፣ ሃምሳው አጠገብ
የአውራ ጣት ምልክት ያያል፣ ወይን ጠጅ መልክ፣ ክብ።
«ምንድን ነው?» ይለኛል።
«ቀና በል፣ ትከሻህን ልለካ» እለዋለሁ።